ደቦሏን ያጣችው አንበሳ

(ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ የብረታ ብረት መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፤ ወሯ የገባው ነፍሰ ጡር ብሩክታዊት ከዘንቢሏ ያወጣቻትን ድመት የምታክል የቻይና የመዳብ አንበሳ ጠጋኙ ጋሽ ደምሰው ፊት አስቀምጣለች።)

ጋሽ ደምሰው፦ አይሆንም አልኩሽ ልጄ። እሳት ካስነካኋት ይሄ ሁሉ ሰማያዊ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይራገፋል። ቀለም እንዳይመስልሽ፤ መዳቡ ላይ የቀለጠ መስታወት ነው። አንሺና ወደ ቤትሽ መልሻት።

ብሩክታዊት፦ እሳት ካልሆነ በማጣበቂያ ያድርጉልኛ። እግሯ ስር ደቦል ነበራት። እሱን የሚመስል ነገር ይሥሩልኝ፤ ከመውለዴ በፊት ቦታው እንዲሞላ ነው የምፈልገው።

ጋሽ ደምሰው፦ አንቺ ብትወልጂ የቻይና አንበሳ ምን አገባት?

ብሩክታዊት፦ እኔም እንደሱ እል ነበር። ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት አማቴ እትዬ የሺመቤት እጄን ይዘው ሳሎኑ በር ላይ ካሉት ጥንድ አንበሶች ፊት አቆሙኝ። ጥንዶቹን ያመጧቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ ድሮ ፔኪንግ ኤምባሲ ሲሠሩ። «ወንዱ ኳስ ረግጧል አየሽ? የውጪው ዓለም የሱ ነው። ሴቷ ደቦሏን ይዛለች፤ ቤቱም ዘሩም የሷ ነው። ካሁን ወዲያ ይቺ አንቺ ነሽ» አሉኝ። እኔ የምትረግጠው መስሎኝ ክው አልኩ። ሳቁብኝ። እያጫወተችው ነው አሉ።

ጋሽ ደምሰው፦ ደህና አድርገው አስረድተውሻል።

ብሩክታዊት፦ አዎ። ሰሞኑን ደቦሉ የለም ስላቸው ደግሞ ሠራተኛዋ ስትወለውል ጥላ ሰበረችው አሉ። ልጅቷን የዚያኑ ዕለት አባረሯት። እዚያ ቤት የምታዋራኝ እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሴቷን አንበሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረዋታል።

ጋሽ ደምሰው፦ ስብርባሪውን አየሽው?

ብሩክታዊት፦ ተጥሏል ተባልኩ። ለምን ጠየቁኝ?

ጋሽ ደምሰው፦ እንዲያው ነው።

ብሩክታዊት፦ እንዲያው አይመስልም። እኔም እኮ ገርሞኛል፤ የተሰበረ ነገር እንዲህ ልስልስ ይላል? እስቲ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ። በቢላ የተቆረጠ ቅቤ ነው የሚመስለው።

ጋሽ ደምሰው፦ እናትሽ አሉ?

ብሩክታዊት፦ አለች፣ ደብረ ብርሃን። የመጀመሪያ ልጄን እንደ ወጉ እሷ ጋ ልውለድ ብዬ ለምኜ ነበር። እትዬ የሺመቤት ሐኪሙ መንገድ ከልክሏታል አሉ። ለኔ ግን ሐኪሙ እንደዚያ ያለኝ ነገር የለም። እንዳልደውልላት ስልኬም ተበላሽቶ ለጥገና ሄዷል።

ጋሽ ደምሰው፦ እናንተ ቤት የሚሰበረው ነገር በዛ።

ብሩክታዊት፦ አያስቁኝ። እውነቴን ነው፣ ሰሞኑን እፈራለሁ። ሌሊት ስነቃ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ሆዴን ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። ባለቤቴ ሚልክያስ ባይኖር ያንን ቤት አልችለውም ነበር። ወንዱንም አንበሳ ለጽዳት ብለው ሲወስዱት እሱ ነው «አይዞሽ ይመለሳል» ያለኝ። ይቺንም ሳይሰማ አስጠግኜ ላስደስተው ነው የመጣሁት። የሕፃን ልብስ ልገዛ ነው ብዬው ማዶ መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ማዶ? ነጯ መኪና ውስጥ?

ብሩክታዊት፦ አዎ። ያውቁታል እንዴ?

ጋሽ ደምሰው፦ ከመስኮቱ ራቅ በይ። ነይ፣ እዚህ በርጩማው ላይ ተቀመጪ።

ብሩክታዊት፦ ጋሽ ደምሰው፣ ብረት መያዣው ሞርሳ ጥርስ ውስጥ ያለው ብናኝ ምንድን ነው? ያ ሰማያዊው።

ጋሽ ደምሰው፦ አየሽው እንግዲህ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የማን እንደሆነች ምን አውቄ? ሥራ መጣልኝ፣ ሠራሁ።

ብሩክታዊት፦ እትዬ የሺመቤት ናቸው ያመጧት።

ጋሽ ደምሰው፦ እሳቸውም ነበሩ። አጠገብሽ ያለውን ጨርቅ ግለጪው።

ብሩክታዊት፦ ወንዱ ነው። ደቦሉ... ደቦሉ የወንዱ እግር ስር ምን ያደርጋል?

ጋሽ ደምሰው፦ ገና አላጣበቅኩትም፤ ልኩን እያየሁ ነበር። ኳሱን አውልቄ ደቦሉን እዚያ እንድተክል ነው የታዘዝኩት። ሴቷስ ባዶዋን ልትቀር ነው ወይ አልኳቸው። «እሷ ከክርስትናው በኋላ ወደ አገሯ ትሸኛለች፤ ልጁ እዚሁ ያድጋል» አሉኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ክርስትና የሚነሳ የመዳብ ደቦል የት አይቼ! እሳቸው ግን አልሳቁም።

ብሩክታዊት፦ ሚልክያስ ይሄን ቢሰማ እናቱም ቢሆኑ አይምራቸውም። ልጥራው። እዚሁ ቆሞ በጆሮው ይስማ።

ጋሽ ደምሰው፦ አትጥሪው።

ብሩክታዊት፦ ለምን? ባሌ እኮ ነው። ልጁ የሱም ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ እጄን እያየሽው ነው፤ ይንቀጠቀጣል። መጋዝ እየሳብኩ ዕቃውን ደግፌ መያዝ አልችልም። አንገቷን ይዞ ያስቆረጠኝ እሱ ነው። እናቱ ያንን ሲናገሩም እዚህ ነበር፤ «ጋሼ ቶሎ ይበሉልን፣ መውለጃዋ ደርሷል» ነው ያለኝ።

ብሩክታዊት፦ ሲይዛት... ፊቱ እንዴት ነበር?

ጋሽ ደምሰው፦ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። አሁንም ከመኪናው ወርዶ ሰዓቱን እያየ ነው። ልብስ ቤቱ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ወጣ። ልጄ፣ ወደዚህ እየመጣ ነው።

ብሩክታዊት፦ የጓሮ በር አለዎት?

ጋሽ ደምሰው፦ አለ። በልብስ ሰፊዎቹ ግቢ አቋርጠሽ ታክሲዎቹ ጋ ትደርሻለሽ። አንበሳዋን ተያት፣ ትከብድሻለች።

ብሩክታዊት፦ ትቅር። ሁለቱንም ይስጡት፣ ይውሰዳቸው። ይሄ ደቦል ግን ከኔ ጋር ነው። የት ሄደ ካለዎት፣ እናቱ ይዛው ሄደች ይበሉት።