የጓሮው ቅጠልና የወይዘሮ የሺመቤት ድንጋጤ

ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን እንደ ነገሩ ጣል አድርገው ወደ ጀልባ መሳፈሪያው ሊሮጡ በሩን ሲከፍቱ፣ ከፋብሪካ ከምትመለሰው ተከራያቸው ከቃልኪዳን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ምን በደልሁሽ ልጄ?» አሉ። «በሰጠሽኝ ቅቤ ፍትፍት ሠርቼ ባለቤቴን መሪጌታን አበላኋቸው። ተማሪዎቻቸውን ሊያዩ ወደ ደሴቱ ተሻገሩ፤ ውሃው ላይ ስልካቸው አይሠራም። አሁን ጓሮ ብወጣ የተከልሽው ቅጠል ተሸምጥጦ አየሁት። ቅቤው ውስጥ የጨመርሽው የወፍ ቆሎ ነው! አምና ፍየሌን የገደለብኝ!»

ቃልኪዳን ደነገጠች። «ኧረ እትዬ፣ ኮሰረት ነው። ቅቤ የሚነጠርበት።»

«ኮሰረትማ እኔም ከገበያ እገዛለሁ፤ ደረቅ ቅጠል ነው። ቁጥቋጦ መቼ ሆነ?»

ወይዘሮዋ መፍራታቸው አያስወቅስም። ሁለቱ ተክሎች ከሩቅ ለሚያያቸው ወንድማማች ይመስላሉ። በሠፈሩ ደግሞ ስሙ ያልታወቀ ቅጠል ወይ መርዝ ነው ወይ መተት፤ መካከል የለውም።

«ይምጡ፣ አብረን እንየው» አለች ልጅቱ። ጓሮ እንደ ደረሱም፣ «ግንዱን በእጅዎ ይዳብሱት» አለቻቸው።

ፈራ ተባ እያሉ ነኩት፤ እሾህ የለውም። አበባውም ነጣ ያለ፣ ጥቃቅን ነው። ከዚያ ወደ አጥሩ ወሰደቻቸው። የወፍ ቆሎው ቢጫና ቀይ አበባውን ደርድሮ ቆሟል፤ ግንዱን ሲነኩት ጣታቸውን ቧጠጣቸው።

«ዓይንም እጅም ይሳሳታል» አሉ። «ሰውዬው እኮ ውሃ ላይ ናቸው! በይ እፊቴ ቅመሺው!»

«እኔማ ትናንት ከዚያው ቅቤ በልቻለሁ፤ ችግኙም ቡታጅራ ከእናቴ ጓሮ የመጣ ነው። እርስዎ ግን ያላወቁትን ቅጠል በምላስ አይፈትኑ፤ የሰውም መቅመስ አያሳምንዎ። የእኔ ጥፋት ምን እንደ ሆነ ሳልነግር መስጠቴ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን የቅመም ዕቃዎን ያምጡልኝ።»

አመጡ። ደረቁን የገበያ ኮሰረት በአንድ መዳፋቸው፣ እርጥቡን የጓሮውን ቅጠል በሌላው አሸችላቸው። ደረቁን አሸተቱ፤ እርጥቡን አሸተቱ፤ ተመልሰው ደረቁን። እናታቸው ለሠርጋቸው ያነጠሩት ቅቤ ሽታ ነበር።

«በስመ አብ! ዕድሜዬን ሙሉ ስበላው ኖሬ፣ ቆሞ ባየው ሸሸሁት?»

ይህን አሉ እንጂ ልባቸው ገና ከውሃው አልተመለሰም። ስልኩ ሲጮህ ማንሣት አቃታቸው፤ ቃልኪዳን አንሥታ በጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው።

«የሺ፣ ደረስሁ» አሉ መሪጌታ ገድሉ። «ዛሬ ምን ዓይነት ቅቤ ነው ያበላሽኝ? ስመለስ እንዳላጣው!»

ወይዘሮ የሺመቤት ከኮሰረቱ ሥር ዘፍ ብለው ተቀምጠው አለቀሱ።

ሲረጋጉ ቃልኪዳን በትሕትና ጠየቀቻቸው። «እትዬ፣ ፍየልዎን የገደለውን ለምን ከአጥርዎ አልነቀሉትም?»

«አበባው ያምራል፤ ለምጀዋለሁም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል…» ብለው ሳይጨርሱት ተረቱ በአፋቸው መረራቸው። ተነሥተው ዶማቸውን አመጡ።

ዛሬ የጎረቤቱ ጓሮ ሁሉ ከእሳቸው በተወሰደ ኮሰረት መዓዛ ያውዳል፤ ሰዉም ቅጠሉን ጥላ ሥር አድርቆ ለዓመት ያስቀምጠዋል። ችግኝ ሊወስድ የመጣ ሰው ምክራቸውን ሳይሰማ አይሄድም፤ ግንዱን ዳብስ፣ አበባውን እይ፣ አሽትት፣ የሚያውቅ ጠይቅ፤ እስክታውቀው ግን ወደ አፍህ አታስጠጋ ይሉታል። ከዚያም የወፍ ቆሎው የተነቀለበትን ባዶ የአጥር ሥር ያሳዩታል።

«ያልለመድሁትን ስፈራ፣ የለመድሁት ፍየሌን በላብኝ።»