ባለዘጠና አራት ቀኑ በሽተኛ

ሰው ሲጨንቀው እጁ ከልቡ ይቀድማል። የቃጠሎ ክፍሉ ዋና ነርስ፣ ትልቅ ትንሹ «ሲስተር» የሚላቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሐቅ ነክተው የማያውቁ ሴት፣ ያን ዕለት ጠዋት ነጭ ማጥፊያ አንስተው ከሪፖርታቸው ላይ አንድ በሽተኛ አጠፉ። ከዚያም ወረቀቱን ሊያባዙ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አሉ። ማንን ቢያገኙ ጥሩ ነው? የወንድማቸውን ልጅ፣ የስታትስቲክስ መምህሩን፣ የተማሪዎቹን ፈተና ሲያባዛ።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ ጉንጫቸውን ሳመና፣ እንደ ልማዱ ሳይፈቀድለት ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰደ። «በደረቅ ፋሻ ስምንት ሰው፣ በእርጥብ ፋሻ ሰባት። እዚህ ጋ ነጭ የተቀባው ምንድን ነው?»

«ቀለም ፈሶበት ነው» አሉ ሲስተር። ውሸት ለምዶባቸው አያውቅምና ወዲያው ቃላቸውን አነሱ። «ምን እደብቅሃለሁ። ፋሻውን የሚመርጠው ኮሚቴ ከሰዓት ይሰበሰባል። እርጥቡን ፋሻ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሲነሳ ሥጋ ይዞ አይነሳም፣ በሽተኛውም አያለቅስም። በሽተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለን ስንት ቀን ተኝተው እንደዳኑ መዘገብን። አማካዩ ሲወጣ ደረቁ ሃያ ቀን፣ የኔው ከሃያ ሁለት በላይ ሆኖ አረፈው! በዚህ ቁጥር ከገባሁ ከነገ ጀምሮ ሰው እያስጮህን ወደ ደረቁ እንመለሳለን።»

«የጠፋውስ ሰው?»

«ሰዓት ሠሪው ነው። ስኳር አለበት፤ ዘጠና አራት ቀን ተኛ። እሱ ባይኖር አማካዬ አሥራ ሁለት ገደማ ነበር።» ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። «ዘጠና አራት ቀን በእጄ ያጠብኩትን ሰው ነው ያጠፋሁት። አንጀቴን ነው የበላኝ።»

መምህሩ አክስቱን ይወዳል። ቢሆንም ነገር ማለባበስ አልወደደም። «እንግዲያው ሰውዬው አይወጣም፤ አማካዩ ነው ወደ ዳር የሚሄደው» አላቸው።

ፊታቸው ቅጭም አለ። «ሠላሳ ዓመት በአማካይ ስሠራ ኖሬ፣ ሽንት ጨርቁን የለወጥኩለት ልጅ ሊያስተምረኝ!»

«ስለ ጨርቁ ውለታዎ አለብኝ፣ እትዬ። አማካይ እኮ መጥፎ ዳኛ አይደለም። ቁጥሮቹ መሃል ላይ ተሰብስበው ግራና ቀኙ ሲመጣጠን በደንብ ይፈርዳል። የእርስዎ ሰባቱ ግን እዚህ ጥግ ተቀምጠው፣ አንዱ ማዶ ሆኖ ሁሉንም ይጎትታቸዋል። ሰዉም ጥቂት ነው። እንዲህ ሲሆን የቀኑን ብዛት ትተን ተራውን እናያለን፤ ማን ቀድሞ ዳነ፣ ማን ተከተለ።»

የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት መቀስ ለምኖ የተበላሹ ኮፒዎችን አሥራ ስድስት ቦታ ቆረጠ። ሲስተር እያጉረመረሙ በየቁራጩ ቀኑን ጻፉ፤ የእርጥቡን ፋሻ ቁጥሮች በክብ ከበቧቸው። ማጥፊያውንም በጥፍራቸው ፍቀው ዘጠና አራትን መልሰው ጻፉት። ከዘጠኝ ቀን ጀምረው ባንኮኒው ላይ ሲደረድሩ፣ የተከበቡት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ዘጠነኛ ወጡ። ሰዓት ሠሪው አሥራ ስድስተኛ ሆኖ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ።

«የተራ ቁጥራቸውን ይደምሩ።»

«የኔው አርባ ሰባት። የደረቁ ሰማንያ ዘጠኝ።»

«ፋሻዎቹ እኩል ቢሆኑ ለየወገኑ ስልሳ ስምንት ገደማ ይደርስ ነበር። ለዚህ ስሌት የተዘጋጀው ሰንጠረዥ ለስምንትና ለስምንት ሰው ወሰኑ አርባ ዘጠኝ ነው፤ አንዱ ወገን ከዚያ ካነሰ ልዩነት አለ ይላል። ልዩነት ሳይኖር በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል መራራቅ ከመቶ አምስቴ እንኳ አይሞላም።»

«ሰዓት ሠሪው ሁለት መቶ ቀን ቢተኛስ?»

«ያው አሥራ ስድስተኛ ነው።»

ሲስተር የሰዓት ሠሪውን ቁራጭ አንስተው መልሰው መጨረሻ ላይ አኖሩት። አዋቂ ሰው ሲረታ ጥያቄ ይስላልና፣ የተሳለችውን አወጡ። «እንዲህ ከሆነማ የሚረታኝን ትቼ የሚረታልኝን መለኪያ መምረጤ አይደል? ከማጥፊያው በምን ይሻላል?»

መምህሩ ደስ አለው። «መለኪያ የሚመረጠው በውጤቱ ሳይሆን በመረጃው ጠባይ ነው። የቁስል ቀን ሁልጊዜ ጥቂት ሰው ወደ ኋላ ይቀርበታል፤ ይህን አውቀን ገና ሳንጀምር መወሰን ነበረብን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አሁን አማካዩንም፣ ተራውንም፣ ወደ ተራው የመጣነው አማካዩን ካየን በኋላ መሆኑንም ጽፈው ያቅርቡ።»

«ሕመሙንስ? ቀላል አንድ፣ መካከለኛ ሁለት፣ ከባድ ሦስት ብለን ደምረን ለሰዉ ቁጥር አካፍለናል።»

«ከቀላል እስከ መካከለኛ ያለው ርቀት ከመካከለኛ እስከ ከባድ ካለው ጋር እኩል ነው ያለ ማነው? እሱም በተራ ነው የሚታይ። ያው አንድ ሰው በፊትና በኋላ ከተጠየቀ ግን ከራሱ ጋር ነው የሚወዳደረው፤ ስንቱ ተሻለው፣ ስንቱ ባሰበት ብሎ መቁጠር ነው።»

ሲስተር ቁራጮቹን ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «አባትህ ቢሰማህ ይኮራ ነበር» አሉት፤ ግንባሩንም ሳሙት።

ከሰዓት የኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቱን አይተው «ይሄ ባለዘጠና አራት ቀን አይወጣም እንዴ?» ሲሉ፣ ሲስተር ጠዋት ያጠፉት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ለጉባኤው ተናገሩ። «አሁን ግን መልሼዋለሁ» አሉ። «መጨረሻ ሆነ እንጂ ከተራው አልወጣም።» አንዱ ሐኪም ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ «ለምንድን ነው መጨረሻ የሆነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲስተር «ስኳር ስላለበት» ብለው መለሱ። ይህ የታወቀው በስንተኛው ቀን ነው ተብሎ ካርዱ ሲገለጥ፣ በአርባኛው ቀን ሆኖ ተገኘ።

እርጥቡ ፋሻ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሉ የሚገባ በሽተኛ ሁሉ በገባበት ዕለት ስኳሩ ይለካል። ልብ በሉ፤ ማጥፊያው ቢሰነብት ኖሮ ፋሻው ይጸድቅ ነበር፣ ያ ጥያቄ ግን አይጠየቅም ነበር። ቁጥርን እንደ ጠባዩ የያዘ ሰው ትርፉ ይህ ነው፤ ብዙኃኑ እንዴት እንደዳኑም ያያል፣ ወደ ኋላ የቀረውንም አይጥልም።

ሰዓት ሠሪው ለክትትል ሲመጣ ሲስተር «አሥራ ስድስተኛዬ መጣ» እያሉ ይቀበሉታል። ለምን እንደሆነ ነግረውት ነበር፤ አንዴ እንዳጠፉትም ጭምር። እሱም ክፍሉ ውስጥ የቆመውን የግድግዳ ሰዓት አውርዶ በዳነ እጁ አበጀላቸው።