ከሞሮኮ የመጣው ድንጋይ

ያን ዕለት ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት የተምር ዛፎቼን ለማየት እንጂ ሰው ለማስታረቅ አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ዛፍ መጎብኘት ነው። ዛፎቹ ጂኦግራፊ እንዳስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ምክሬን አይሰሙም፤ ቢያንስ ግን ስናገር አይስቁብኝም። ከተራራው ሥር፣ ፈለጅ ወደምንለው የመስኖ ዋሻችን ከሚያወርደው ጉድጓድ አጠገብ ስደርስ ጭቅጭቅ ሰማሁና መንገዴን ትቼ ወደዚያው አቀናሁ።

ሲሚንቶ የጫነች ፒካፕ ቆማለች። ሠራተኞቹ ጥላ ፈልገው ሻይ ይጠጣሉ። የፈለጁ ወኪል ኸልፋን በትራቸውን ተደግፈው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የጉድጓዱ አፍ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የምትማረው የልጃቸው ልጅ ዙወይና እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«እንኳን መጣህ መምህር ሐሙድ!» አሉኝ ወኪሉ። «ምስክር ሁነኝ። ይቺ ልጅ መንገድ ዘጋችብኝ።»

«አልዘጋሁም አያቴ፤ ተቀምጬ ነው» አለች ዙወይና።

«ሌላ መቀመጫ ጠፍቶ?»

«ሲሚንቶው የሚወርደው በዚህ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈለጃችን ውሃውን ከተራራው ሥር ይሰበስብና በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ረጅም ዋሻ አሳልፎ መንደር ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ በግልጽ ቦይ ወደየአትክልቱ ይሄዳል። ወኪል ኸልፋን ይህን ውሃ ለየባለድርሻው ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወንድማቸውን ከባዳ ለይተው አያውቁም፤ በዚህ ጠላታቸው እንኳ አያማቸውም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ውሃው እያነሰ ሄደ። የታችኛው ሰፈር ዘንባባዎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። አንድ በጋ ደግሞ እንዲህ ካለፈ ዛፎቹ ይደርቃሉ፤ እነሱ ከደረቁ የሰፈሩ ልጆች ለሥራ ወደ ዋና ከተማው መስቀጥ ይገባሉ፣ መመለሻቸውም ለዒድ ብቻ ይሆናል። ወኪሉ እንቅልፍ አጡ። ጎረቤት መንደር ግልጽ ቦዩን በሲሚንቶ ለስኖ ውሃ እንደ በረከተለት ሲሰሙ፣ እኛ ደግሞ ከነዋሻው እንለስነዋለን አሉ። መንደሩም አዋጣ።

በእሳቸው አልፈርድም። ዋሻውን ሲቆፍሩና ሲጠርጉ የኖሩት ከሌላ ነገድ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። እነሱ ካለቁ ወዲህ ከእኛ መንደር ወርዶ ያየ የለም። ውሃ ማካፈል የሚያውቅ ሰው ውሃው ከየት እንደሚገባ ያውቃል ብለን ሁላችንም አምነን ተቀምጠን ነበር።

«ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ለሥራ ልምምድ ሞሮኮ ሄዳ መጥታ ነው እንዲህ የሆነችው» አሉ ወኪሉ። «አትሂጂ ብያት ነበር፤ አባቷ ፈቀደላት። ፈለጅ እግርሽ ሥር እያለ ባሕር ተሻግረሽ የሰው ፈለጅ ልታዪ? ቤቱ ውሃ እያለ ጎረቤት ሄዶ የሚለምን ሰው አይተህ ታውቃለህ መምህር?»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አልኩ። ሽማግሌ መጀመሪያ ሲናገር መስማማት ልማዴ ነው፤ ክርክሩን ያሳጥረዋል።

«ይኸው መሰከረ! ደግሞ ያመጣችልኝን ስጦታ ጠይቃት። የሰው ልጅ ለአያቱ ሽቶ ያመጣል፣ ጨርቅ ያመጣል። የእኔዋ ምን አመጣችልኝ? ድንጋይ! ድንጋይ ላይ ተወልጄ ድንጋይ ላይ ላረጀሁት ሰውዬ!»

«ድንጋይ አይደለም አያቴ። የተሰበረ ሲሚንቶ ነው።»

«ይባስ ብሎ!»

«የት አደረጉት?» አልኳቸው።

«የፍየሎቼን በር ይደግፋል። ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልሳመው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ዙወይናም ሳቀች፤ ነገር ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። ሳቁ ሲያልፍ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በትሕትና እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው።

«አያቴ፣ እዚህ፣ በገዛ ፈለጃችን፣ ልውረድ ብልዎ ኖሮ ያወርዱኝ ነበር?»

«ምን፣ አብጃለሁ? ሴት ልጅ፣ ያውም የወኪል ልጅ፣ በገመድ ተንጠልጥላ ዋሻ ልትገባ! ሰው ምን ይለኛል?»

«እዚያ ግን የማንም ልጅ አልነበርኩም። በደረስን ማግስት አካፋና ቅርጫት ሰጡን። የኸልፋን ልጅ ናት ብሎ የሳሳልኝ የለም፤ ነውር ነው ብሎ የከለከለኝም የለም። ንግግራቸው እንኳ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ በእጃቸው እያሳዩኝ በእጄ እየሠራሁ ነው የተግባባነው። የእኛን ፈለጅ ለማወቅ የሰው አገር መሄድ የነበረብኝ ለዚህ ነው።»

እውነት ለመናገር ይህን ስሰማ ቀድሞ የሰጠሁትን ምስክርነት መዋጥ አማረኝ። ወጣት ሰው በተወለደበት መንደር ሁልጊዜ የእገሌ ልጅ ነው፤ ሲሳሳት ይሸፈንለታል፣ ሊሞክር ሲል ይያዛል። ማንም በማያውቀው አገር ግን ያለው ነገር የሠራው ብቻ ነው። ወኪሉ ግን የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«እጇን አየኸው መምህር? እስቲ አሳዪው! መሐንዲስ ትሁን ብለን ብንልካት እንደ ግንበኛ እጇን አሻክራ መጣች። አሁን ይህን እጅ ማን ያገባል?»

«እጅ አይቶ የሚያገባ ይቅርብኝ።»

«ሰማህ አይደል? መልስ ደግሞ ተምራለች!»

«መልሱንስ ከእርስዎ ነው የወረሰችው» አልኩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሬ፣ «ዙወይና፣ ዩኒቨርሲቲው ስለ ፈለጅ አያስተምራችሁም?» አልኳት።

«ያስተምሩናል መምህር፣ ያውም በደንብ። ሒሳቡን አውቀዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። ነገር ግን ሥዕሉ ላይ የዋሻው ግድግዳ መስመር ነው። መስመር ደግሞ አይረጥብም። ሞሮኮ የመጀመሪያው ቀን ወርጄ ደከመኝና ግድግዳውን ብደገፍ ጀርባዬ በውሃ ራሰ። የተማርኩት ሁሉ ያን ጊዜ ገባኝ።»

ወኪሉ አኮረፉ፤ ሆኖም ጆሯቸውን አላራቁም። እሷም ቀጠለች።

«የነበርንበት መንደር ሰዎች ልክ እንደ እርስዎ አሳቢ ነበሩ አያቴ። ውሃው ሰረገብን ብለው ዋሻውን ከላይ እስከ ታች ለሰኑት። ዓመት ሳይሞላው ውሃው ክር አከለ። እኛ በጋውን ሙሉ የሠራነው ያንን ሲሚንቶ በመዶሻና በመሮ ማፍረስ ነው። እጄ የሻከረው በዚያ ነው። ያመጣሁልዎም በእጄ ከሰበርኩት ነው። አንዱ ጎኑ ልሙጥ ነው፤ በሌላው ጎኑ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ቅርፊቱ ውሃው ልግባ እያለ ከጀርባው ቆሞ የተወው ነው።»

«ሞሮኮ ሞሮኮ ነው» አሉ ወኪሉ። «የእነሱ መሬት ሌላ፣ የእኛ ሌላ። በሰው አገር ድንጋይ በእኔ መንደር ላይ ልፈርድ? የታችኛው ሰፈር ሰዎች በየቀኑ ፊቴን ያዩኛል። አንቺ ብትሳሳቺ ወደ ትምህርትሽ ትመለሻለሽ፤ እኔ ብሳሳት እነሱ ዛፋቸውን ይቆርጣሉ።»

ደግ ንግግር ነበር። ዙወይናም ይህን አልናቀችውም፤ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቆመች።

«ልክ ነዎት፤ ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ እመኑኝ አልልዎም። አብረን እንውረድ። ጥምጥምዎን ከውሃው በላይ፣ ደስ ባለዎት ቦታ ግድግዳው ላይ ይጫኑት። ደረቅ ሆኖ ከወጣ ሲሚንቶውን እኔው ራሴ አቀብላለሁ። ረጥቦ ከወጣ ግን ምን ማድረግ እንዳለብዎ እርስዎ ያውቃሉ።»

ሠራተኞቹ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። በዚህ ዕድሜ፣ በገመድ! «ይተዉት ወኪል፣ ሌላ ሰው ይውረድ» አልኩ።

«ኸልፋን ፈርቶ ቀረ ልትል ነው? ሌላ ሰው ወርዶ የሚነግረኝን ስሰማ ነው እዚህ የደረስኩት። አውርዱኝ!»

ዙወይና ከሞሮኮ ያመጣችውን የደረት መታጠቂያ አስታጠቀቻቸው፤ እያንዳንዱን ቋጠሮ ሁለቴ እየሳበች ፈተሸች። «ለዕርድ የሚነዳ ፍየል አስመሰልሽኝ» እያሉ አጉረመረሙ፤ ልጅቷ ግን ቀጣዩን ቋጠሮ አጠበቀች። ስትሠራ ሳያት ደስ አለኝ። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ የሚያደርገውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ ያየሁት ጥቂት ነው። መጀመሪያ እሷ ወረደች፤ ከዚያ ሠራተኞቹ ገመዱን ቀስ እያደረጉ እሳቸውን አወረዱ።

እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ ቀረሁ። መጀመሪያ የወኪሉ ቁጣ ይሰማኝ ነበር፤ ጨለማውን ተቆጡ፣ ጭቃውን ተቆጡ፣ ገመዱን ተቆጡ። ከዚያ ቁጣው ቆመና የውሃ ድምፅ ብቻ ቀረ። ብጣራም መልስ አላገኘሁም፤ ዋሻው ውስጥ ገብተው ኖሯል።

ወኪሉ ሲወጡ ራሳቸው ባዶ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቃቸው የወኪል ኸልፋንን ራስ ባዶውን አይቼ አላውቅም። ጥምጥማቸው በእጃቸው ነው፤ ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል። መሬት ላይ ተቀመጡና ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያዩት ጀመር።

«ውሃ ውስጥ ወድቆብዎ እንዳይሆን?» አልኩ።

«አልወደቀብኝም። በቀኝ ሞከርኩት፤ በግራ ሞከርኩት፤ እጄ እስከ ደረሰበት ከራሴ በላይ ሞከርኩት። ሁሉም ያው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ውሃው ከአንድ ቦታ የሚፈልቅ ይመስለኝ ነበር ሐሙድ። ከግድግዳው ሁሉ ነው የሚገባው። በገዛ እጄ ልደፍነው ነበር።» ይህን ብለው እንባቸው መጣ፤ በእርጥቡ ጨርቅ ፊታቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ?

ዙወይና ጭቃዋን ሳታራግፍ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሐሳብዎ ግማሹ ልክ ነው አያቴ» አለቻቸው። «ሲሚንቶው ያስፈልገናል። ውሃው ከእርጥቡ መሬት ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ይሰርጋል፤ እዚያ እንለስን። እዚህ ላይኛው በኩል ግን ግድግዳውን ነጭ ቅርፊትና ደለል ሸፍኖታል፤ እሱን እንፋቅለት።»

ሾፌሩ ግራ ገብቶት፣ «ታዲያ ሲሚንቶውን የት ልውሰደው?» አለ።

«ወደ ታች ይዘኸው ውረድ። ቦታውን ይቺ ልጅ . . .» ብለው ጀመሩና አቆሙ። «ቦታውን መሐንዲሷ ታሳይሃለች» አሉ።

ሥራው ብዙ ወራት ወሰደ። ከዙወይና ጋር ሞሮኮ የሄዱት ተማሪዎች በዕረፍታቸው እየመጡ ወረዱ፤ የመንደራችን ወጣቶችም ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ተከተሏቸው። በጋው ሲመጣ ውሃው የጥንቱን ያህል አልሆነም፤ ዝናብ የሚያመጣ ትምህርት ገና አልተገኘም። ለታችኛው ሰፈር ግን ደረሰ። ከቢጫዎቹ ቅጠሎች መካከል አረንጓዴ ቀንበጥ ወጣ። ወኪሉ እዚያ ሰፈር ሲያልፉ ሰዎቹ ፊት ፊታቸውን ማየት ትተው ቡና ይጠጡ ማለት ጀመሩ።

ስለ እነዚያ ተማሪዎች ሳስብ የምደነቀው በውሃው ብቻ አይደለም። አንዷ የማታውቀውን ሰው ቀርባ መጠየቅ የማትደፍር ልጅ ነበረች፤ አሁን ሽማግሌ አቁማ የጥንቱን ነገር ስትጠይቅ መላቀቂያ የላትም። አንዱ ደግሞ ዋሻ ውስጥ ሳለ ምህንድስና የእሱ እንዳልሆነ ገባውና ዞሮ ሕግ ይማራል። ወላጆቹ ተቆጡ፤ እኔ ግን በሃያ ዓመቱ ራሱን ያወቀ ልጅ አልከሰረም ባይ ነኝ። መጽሐፍ ሰው የደከመበትን አሳጥሮ ይሰጠናል፤ መጽሐፉን የሚፈትነው ግን እጅ ነው። የሰው አገር ደግሞ የራሳችንን ከለመድነው ዓይን አውጥቶ እንደ አዲስ ያሳየናል። ልጆቻችንን ከወንበር አስነሥተን ብንልካቸው ይጠፋሉ ብለን እንሰጋለን፤ ዙወይና ግን ስትመለስ እኛ ስንኖርበት ያላየነውን አየችልን።

ዘንድሮ ተራው የታናሽ እህቷ የአሲላ ሆነ። ግብርና ትማራለች፤ ቱኒዝያ ሄዳ በወይራ እርሻ ልትሠራ ነው። አየር ማረፊያ ድረስ መኪናውን የነዱት ወኪል ኸልፋን ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ያ የሲሚንቶ ቁራጭ ዛሬ ከፍየሎቹ በር ተነሥቶ የመንደራችን ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ከወኪሉ መቀመጫ አጠገብ ይታያል። ለገባ እንግዳ ሁሉ ነጩን ጎኑን ገልብጠው ያሳያሉ።

አሲላ ጓደኞቿ መካከል ቆማ የአያቷን እጅ ሳመች። «ምን ላምጣልዎ አያቴ? ሽቶ?»

ወኪሉ እጇን ይዘው፣ ገና ሥራ ያልነካውን ለስላሳ መዳፏን ገልብጠው አዩት።

«ሽቶ ምን ያደርግልኛል?» አሏት። «እንደ እህትሽ ድንጋይ አምጪልኝ።»