በክሪስታል ውስጥ የታሰረች ጠብታ

ዶን ክሬሴንሲዮ ከበቆሎ ማሳቸው ሲመለሱ፣ ከገደሉ ሥር አንዲት መኪና በአመድ ጭቃ ተይዛ፣ አንዲት ወጣት ጎማውን በእጇ ስትቆፍር አገኙ። ገመድ አምጥተው በበቅሏቸው ጎትተው አወጡላት። ኔሬይዳ ትባላለች፤ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ የምታጠና ናት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ።»

«አብሮ ይስጠን። ደግሞ ልታስወጡን ነው የመጣችሁት?»

ይህን ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተራራው «ይፈነዳል» ተብሎ የመንደራቸው የሳን ኤፍሬን ሰው ሁሉ ወደ ቾሉላ ከተማ ሸሸ። ተራራው ከመጤስና ጥቂት ድንጋይ ከመትፋት በቀር ምንም አላደረገም፤ ሌቦች ግን ላሞቹን ነድተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ «ሁለተኛ አንወጣም» ብሏል፤ ከሁሉም አጥብቀው የሚሉት ዶን ክሬሴንሲዮ ናቸው።

«ዶን ጎዮን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ፣ መንደሩ በዚህ ስም ወደሚጠራው ተራራ እያዩ። «በየዓመቱ ለልደቱ ሞሌ የሚባለውን ወጥና ባርኔጣ ተሸክሜ እወጣለሁ። ሊቆጣ ሲል በሕልሜ ይነግረኛል። አንቺ ድንጋይ ፈልጠሽ ምን ታገኛለሽ?»

«ከፈቀዱልኝ ላሳይዎት።»

ትንሽ ማይክሮስኮፕ አውጥታ ከሥሩ ከተራራው ድንጋይ የተገኘ አረንጓዴ ክሪስታል አኖረች። ሽማግሌው አጎነበሱ።

«የታለ? የራሴን ሽፋሽፍት ነው የማየው።»

«ቀስ ብለው ያዙሩት።»

«ኧረ! ጠብታ! ውስጧ ደግሞ አረፋ አለ።»

«ክሪስታሉ ከመሬት በታች፣ በቅልጥ ዐለት ውስጥ ነው ያደገው። ሲያድግ ያቺን ታህል ቅልጥ ከብቦ ዘጋባት። የስኳር ሽሮፕ ሲቀዘቅዝ አይተው ያውቃሉ?»

«ኤርሊንዳ ባለቤቴ ትሠራው የለም እንዴ! ስኳሩ ይረጋል፣ ሆዱ ውስጥ ሽሮፕ ይቀራል።»

«ልክ እንደዚያ ነው። ውጭ የቀረው ቅልጥ እየቀዘቀዘ ሌሎች ክሪስታሎች ይወጡበታል፤ ወደ ላይ ሲወጣም ውሃውና ጋዙ ያመልጡታል። የታሰረችው ጠብታ ግን የጥንቱን ይዛ ትቀራለች። ውሃዋን ለክተን ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደታሰረች እንገምታለን። ብዙ ጠብታዎችን ስናነጻጽር ደግሞ ቅልጡ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደረጋ ይገባናል።»

«ቢሰነጠቅስ? ሽሮፑ ይፈሳል እኮ።»

ኔሬይዳ ደስ አላት። «የተሰነጠቀውን እንጥለዋለን። አንዳንዴም እንሳሳታለን።»

«የዘንድሮው ምን አለሽ?»

«ሸሽታችሁ በነበረ ጊዜ የተፋው ድንጋይ ጠብታዎቹ ውሃቸው ጥቂት ነበር። የዘንድሮዎቹ ብዙ ውሃ አላቸው፤ ከጥልቅ አዲስ ቅልጥ ሳይመጣ አይቀርም። እንዲህ ያለው ሲወጣ እንደተናወጠ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው።»

«መቼ?»

«አላውቅም፣ አባቴ። ላይፈነዳም ይችላል።»

ዶን ክሬሴንሲዮ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚህ በፊት የመጡት ሁሉ ቀኑን እናውቃለን ባዮች ነበሩ። «አላውቅም» ያለቻቸው ይህች የመጀመሪያዋ ናት፤ በዚህ አመኗት።

«ጥዬው ብሄድ ዶን ጎዮ አይቀየመኝም?»

«ለልደቱ መውጣትዎን አይተዉ። የምለምንዎት ሲቆጣ ከእግሩ ሥር እንዳይገኙ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እንውጣ» ብለው ጉዳዩን ለመንደሩ አነሡት። ጎረቤታቸው ፊደንሲዮ ቱግ አለ፦ «እርስዎም ከዱን? ልጅቷ ምን አብልታዎት ነው?»

«ምን አበላችኝ! መኪናዋን ጎትቼ ወገቤ የተቆረጠው እኔ! ይልቅ ስማኝ፤ የምንፈራው ለላሞቻችን ከሆነ ላሞቹ ይቅደሙ።»

«አልጋ የያዙት እናቴስ?»

«እሳቸው ከላሞቹም በፊት።»

ተሳቀ፤ ግን ተስማሙ። የጭነት መኪና ተዘጋጀ፣ ቾሉላ ውስጥ ከብት ማቆያ ተለመነ፣ ደካሞችን የሚሸከሙ ጎረምሶች ተመደቡ።

የዝናቡ ወራት ሳይወጣ ተራራው ሊፈነዳ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰማ፤ ሳን ኤፍሬን ከነከብቱ ወጣ። በማግስቱ ንጋት ላይ ተራራው ድንጋይ አዘነበ።

ዕውቀት እሳቱን አላቆመውም፤ ሰው ከእሳቱ ቀድሞ እንዲነሣ ግን አደረገ። ሲመለሱ ላሞቹ ይታለባሉ፤ በቀብር ፈንታም ጣሪያ መጠገን ነበር የጠበቃቸው። ፊደንሲዮ የወደቀ ጣሪያውን ገልጦ ቢያይ፣ የእናቱ አልጋ በድንጋይ ተደፍጥጧል። እናቱ ከመኪናው ላይ ሆነው ይጮሁበታል፦

«አንተ! ምን ትገተራለህ? እሳት አታነድም? በረሃብ ልሙት?»

ፊደንሲዮ እያለቀሰ ሳቀ፤ ከዚያም እንጨት ሊለቅም ሮጠ።