ያልዘገየ ክፍያ

በፌርፋክስ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ስለ ቤተሰብ ዕዳ የምታጠናበትን መጠይቅ ከስልኳ ላይ አጠገቧ ላሉት አዛውንት ታነባለች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ክፍያ አዘግይተው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን። ሦስቱንም ክሬዲት ካርድ በቀኑ ነው የምከፍለው።»

«ሶ፣ ዕዳ አልከበደዎትም ብዬ ልሙላ?»

«ሙዪ።»

«ቅድም በነገሩኝ የፓርኪንግ ሥራ ደመወዝ ግን እንዴት ቻሉት?»

«አፓርትመንቴን አከራየሁት።»

«ታዲያ የት ያድራሉ?»

«መኪናዬ ውስጥ። ዌስት አዳምስ ሰፈር መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌያታለሁ፤ ቦታው እንዳይያዝብኝ አላንቀሳቅሳትም።»

«ባለቤትዎስ?»

«ሃውቶርን ከተማ እህቷ ጋ ገባች። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን።»

ልጅቷ ስልኳን ቁልቁል አየች።

«ይሄን የሚጠይቅ ቦታ እኮ የለውም፣ ጋሼ።»

«ግድ የለም የኔ ልጅ፣ የሚጠይቀውን ብቻ ሙዪ።»

የምወርድበት ፌርማታ ሲያልፍ እያየሁ፣ የማቆሚያውን ገመድ ሳልስብ ቀረሁ።