ነህምያ ያስፈለፈላቸው ሰባት ጫጩቶች

«ከሣጥኔ ነው የወጡት!»

«ከሣጥንህ መውጣታቸውን ማን ካደ? ማን እንደከተታቸው ተናገር ነው ያልኩህ!»

«ስሜን አያጥፉ!»

«ሌባ ደግሞ ምን ስም አለው?»

«በቃ!» አሉ ጋሽ ጠና፤ በከዘራቸውም መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱት።

ጋሽ ጠና ሆሳዕና ከተማ ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በሠፈራቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጎረቤትና ጎረቤት ሲጣላ የሚዳኘው እሳቸው ደጅ፣ አቮካዶው ሥር ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከፊታቸው ካለው አግዳሚ በአንዱ ጫፍ ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ በሌላው ጫፍ ነህምያ ተቀምጠዋል። ሣሩ ላይ፣ በመካከላቸው፣ የሳሙና ካርቶን አለ። ካርቶኑ ውስጥ ሰባት ጫጩቶች ይንጫጫሉ።

ነገሩ አጭር ነው። ነህምያ በአምፖል በሚሞቅ ሣጥን እንቁላል አስፈለፈልኩ ይላል። ወይዘሮ ዓለሚቱ ደግሞ ጫጩቶቹ የእኔ ዶሮ ልጆች ናቸው ይላሉ። ነህምያ ቅዳሜ «ሞዴል ወጣት» ተብሎ፣ ጫጩቶቹን ይዞ፣ ልምድ ሊያካፍል ዱራሜ ከተማ ይሄዳል። ስሙ ተጽፎ አልቋል። ጋሽ ጠና «የእሳቸው ናቸው» ብለው ከፈረዱ ግን ዱራሜ ይቅርና ጥግ እስካለው ሱቅ እንኳ በምን ዓይኑ እንደሚሄድ አያውቅም።

«ከእንግዲህ የሰደበ፣ ሌባ ያለ፣ ስም የጠራ፣ በደለኛው እሱ ነው» አሉ ጋሽ ጠና። «ጫጩቶቹንም ያጣል። መጀመሪያ እሷ ትናገር።»

ነህምያ ደስ አለው። ስድብ ከተከለከለ እኚህ ሴትዮ ምን ቀራቸው? ወይዘሮ ዓለሚቱ ግን አልተናደዱም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ለነህምያ ጀርባቸውን ሰጡና ወደ ጋሽ ጠና ዞሩ። ፈገግ አሉ። ያኔ ነው ነህምያ መፍራት የጀመረው።

«ጋሽ ጠና… ለመሆኑ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዝናብ ሲመጣ ይቆረጥመኛል ብለውኝ ነበር እኮ። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ጥሩ ነው። ማክሰኞ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ በሌሞ በኩል ገብሱ እንዴት አምሯል! በጋሪ ነው የመጣሁት። ጋሪው ሲያንገጫግጨኝ ምን ትዝ አለኝ መሰለዎት? እንቁላል። ምን ላድርግ፣ ሰሞኑን እንቁላል ከአፌ አልጠፋ ብሏል… ማንንም አላነሳሁም እኮ!

«በሠፈራችን አንድ ጎበዝ ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም። ሌ… ሌት ተቀን የሚሠራ ልጅ ነው። የተማረ! እኛ ያልተማርነው እንቁላል ከማስታቀፋችን በፊት ምንድን ነው የምንጠይቀው? እናትየዋ አውራ ዶሮ አላት ወይ ብለን አይደል? አላዋቂነት ነው። እሱ ሃያ አንድ እንቁላል ከሱቅ ገዛ። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል፣ ነጭ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። እናቶቻቸው በሽቦ ቤት አድገው አውራ ዶሮ ሲጮህ እንኳ ሰምተው አያውቁም። ታዲያ ምን አለበት? የተማረ ሰው አባት ለምን ይጠይቃል?»

ነህምያ ከሥልጠና ያመጣት ወረቀት ላይ ስለ ሙቀት፣ ስለ ውኃ፣ እንቁላሉን በቀን ሦስት ጊዜ ስለማገላበጥ በደንብ ተጽፏል። ስለ አውራ ዶሮ የሚል መስመር አይቶ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። ወረቀቷ ሁለተኛ ገጽ እንደነበራት ትዝ አለው። ሁለተኛው ገጽ የት እንደገባ ግን ትዝ አላለውም።

«ከዚያ አጠባቸው» ቀጠሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «በሞቀ ውኃ፣ በሳሙና፣ አንድ በአንድ! እናቱ ናት ያጫወተችኝ፣ ደስ ብሏት። የእኔ ዶሮ እንኳንስ እንቁላሏን እግሯንም ታጥባ አታውቅ። እሷ ሞዴል ያልሆነችው ለዚህ ነው እንግዲህ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከራሱ ላይ ብርድ ልብሱን ገፎ ሣጥኑን ያለብሳል። እሱ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጥፎ ያዳምጣልም አሉ… ምን እያሉት ይሆን? አባት የሌላቸው ልጆች ብዙ ጥያቄ አላቸው መቼስ።»

ጋሽ ጠና አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። የሳሉ መሰሉ።

«ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። ሠፈሩን ጠራ፣ ‹ኑ እዩ› ብሎ። ሄድን። አልወጡም። በሃያ ሁለተኛው ቀን አልወጡም። በሃያ ሦስተኛው… ሽታ ወጣ። ምንም አልወጣም ማለት አይቻልም፣ ሐሰት መናገር ኃጢአት ነው፣ ሽታው ወጥቷል። በአጥሩ ተሻግሮ እኛ ቤት ገባ። እሱ ግን ‹እየመጡ ነው› ይላል። እንዲህ ያለ እምነት የት ይገኛል? እኔም አልዓዛር ከመነሣቱ በፊት ሸትቶ ነበር ብዬ ዝም አልኩ።

«የእኔ ወሰራ ዶሮ ያን ቀን ሰባት ልጆቿን ይዛ እንሰቱ ሥር ትጭር ነበር። ስምንት ቀናቸው ነው። ውኃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ ዶሮዋ ብቻዋን ትጮኻለች። ጭልፊት ነው ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ማን ሊያጽናናኝ እየሮጠ መጣ መሰለዎት? ያ ጎበዝ ልጅ! በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ብቅ አለና ‹አይዞዎት፣ ጭልፊት ጨካኝ ነው› አለኝ። እንዴት ያለ አንጀተ ቡቡ ነው! ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ደረቱን በሁለት እጁ ደግፏል። ልቡ ለእኔ አዝኖ በጣም ይመታ ነበር… ጪው ጪው ይላል። የሰው ልብ ጪው ጪው ሲል ያን ቀን ሰማሁ። የተማረ ሰው ልብ እንዲህ ነው የሚመታው ይሆን?»

ነህምያ ሳያስበው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ወዲያው አወረደው። እሱ እኮ ሊሰርቅ አልወጣም ነበር። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ሠርቷል። የሚሸተውን ሣጥን ሊደፋ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ «ነገ መጥተን እናያለን» ያሉት የቀበሌ ሰዎች ፊት መጣበት። ያኔ ነው በአጥሩ ቀዳዳ ሰባቱን ጫጩቶች ያያቸው። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ከታዩ በኋላ እመልሳቸዋለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ የዱራሜው ነገር መጣ።

«መቼስ ደግ ጭልፊት ነው» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «አንድ ላባ ሳይጥል፣ አንዷን ሳያቆስል፣ ሰባቱን በአንድ ጊዜ! እግዚአብሔርም ከአንዱ ሲነሳ ለሌላው ይሰጣል፤ ከእኔ ደጅ ሰባት ጠፉ፣ በዚያው ቀን ከሣጥኑ ሰባት ተፈለፈሉ። እንግዲህ ገና ሁለት ቀናቸው ነው። ሁለት! አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ ነበር። ምስኪኖች፣ ምን ያውቁ ነበር? ቀስ ማለት ድሮ ቀረ። የእሱ እንቁላሎች ጠዋት ሸተቱ፣ ከሰዓት በኋላ ክንፍ አብቅለው ጥሬ ለቀሙ!

«ራሳቸው ላይ ያለውን ሐምራዊ ነገር አዩልኝ? እኔ የእኔዎቹን ጭልፊት እንዳይደፍራቸው ብዬ አናታቸውን ጂቪ ቀብቻቸው ነበር፤ ያንን ለቁስል የሚቀቡትን። የእሱ ጫጩቶች ግን ከነመድኃኒታቸው ተወለዱ። ጤና ኤክስቴንሽን እንቁላል ውስጥ ድረስ ገባ ማለት ነው፣ ልማት ነው! አጥቧቸዋል አሉ። ይጠባቸው፣ ንጹሕ ልጅ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል… ጂቪ ግን ከአጣቢው ጋር ነው የሚዛመደው።»

ነህምያ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ዘግይቷል። ጋሽ ጠና ሐምራዊ ጣቶቹን አይተዋቸዋል።

«ዶሮዋን አምጥተን እሷ ትለያቸው ብዬ አላስቸግርዎትም። ዶሮ ምን ታውቃለች? አልተማረችም። ይኸው ሁለት ቀኗ፣ እህል አልቀመሰችም። እንሰቱን እየዞረች ትጣራለች። ቆማ ታዳምጣለች፣ ደግሞ ትጣራለች። ሞኝ ስለሆነች እኮ ነው። ልጆቿ ለልምድ ልውውጥ እንደተጠሩ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። ነህምያም አንገቱን ደፋ። የዶሮዋን ጥሪ እሱም በአጥሩ በኩል ሰምቶታል። ትናንት ጠዋት ላለመስማት ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ግን ጥሪዋ ሬዲዮውን አልፎ ደርሷቸው መለሱላት።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈገግታቸውን መለሱ።

«ይሂድ ግን፣ ዱራሜ ይሂድ! የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉ ቅናተኞች ናቸው። አንዳንዱን ዱራሜ ድረስ ያደምቀዋል። እኔ የምሰጋለት አንድ ነገር ብቻ ነው። የዱራሜ ሰዎች ጠያቂ ናቸው። ‹እሺ ወንድማችን፣ እዚሁ አስፈልፍለህ አሳየን› ያሉት እንደሆነ… ልጁ ለአገሩ እንግዳ ነው… እዚያ ጎረቤቱ ማን ይሆናል?»

ጋሽ ጠና ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ብድግ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ነህምያ አዞሩ፤ ዓይናቸው ግን ከራሱ በላይ ሰማዩን ነበር የሚያየው። ሁለት እጃቸውን እንደ ቄስ ዘረጉ።

«እኔ አልሰደብኩም፣ ስምም አልጠራሁም። ጨረስኩ። መርቄው ልሂድ እንጂ፣ የጎረቤት ልጅ እኮ ነው፣ በእጄ አጉርሼ ያሳደግሁት። ያንን ልጅ እግዚአብሔር ይባርከው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ወጣትነቱን ያለምልምለት። ክፉ ዓይን አይየው። የልፋቱን ፍሬ ያብላው… ሌላ ምንም ሳይጨምርበት፣ የለፋባቸውን ሃያ አንዱን እንቁላል፣ አንድም ሳይጎድልበት፣ ማንም ሳይሻማው፣ ለብቻው ያብላው! በሉ አሜን በሉ!»

በዚያ አገር ምርቃት ያለ አሜን መሬት አይወድቅም። ሽማግሌ ፊት የተመረቀ ሰው አሜን ካላለ ከስድብም የከፋ ነው። ጋሽ ጠና ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «አሜን» አሉ። ከዚያ ሁለቱም ነህምያን አዩት።

ከልጅነቱ የለመደው አሜን እስከ ምላሱ ጫፍ መጣ። አፉን ከፈተ። የሃያ አንዱ እንቁላል ሽታ እንደገና አፍንጫው ውስጥ የገባ መሰለው። አፉን ዘጋ። ካርቶኑን በሁለት እጁ አነሳ፣ ወይዘሮ ዓለሚቱ እግር ሥር ቀስ አድርጎ አስቀመጠው፤ ቀና ብሎም ማንንም ሳያይ በበሩ ወጥቶ ሄደ።