ሙሳ የተባለችው ማንታ

ሄሎ… ሄሎ፣ እማ? አሰላሙ ዐለይኩም። … አዎ፣ እኔው ነኝ፣ ሺዝና። የጨው ውሃ ጠጥቼ ነው ድምፄ የጎረነነው። …

ማን አለ? … እትዬ ናፊሳ። እሷ ደግሞ ዋና ከተማ፣ ማሌ ፎቅ ላይ ተቀምጣ የእኛ ባሕር ይታያታል? … እሺ፣ ከማን ሰማች? … ከዓሣ ሻጩ። እሱስ? … አየሽ። እማ፣ «ዘንድሮ ማንታዎቹ ቀርተዋል» የሚለውን ወሬ፣ ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ስትነግሪኝ ይኼ አምስተኛሽ ነው። ሰኞ «ቀርተዋል»፣ ረቡዕ «ቀርተዋል፣ ሌላ ደሴት ሄደዋል»፣ ዛሬ ደግሞ «ቀርተዋል፣ ሻርክ በትኗቸው ነው»። … አልተቆጣሁም። እየሳቅኩ ነው፣ አይሰማሽም?

መጥተዋል እልሻለሁ። … ዛሬ። አሁን። ዓይኔ ውስጥ ገና እየዞሩ ነው።

ጀልባ ላይ ነኝ፣ ከሐኒፋሩ ባሕረ ሰላጤ እየተመለስን — ናዚም፣ ሞተሩን ቀነስ አድርግልኝ፣ እናቴ ናት — … ሰላም ብሎሻል። ርቦታል። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮብኛል። ሌሎቹ ጀልባዎች «ባዶ ነው» ብለው እንግዶቻቸውን ጭነው ሲመለሱ፣ እኔ እንቆይ ብዬ ያዝኩት። አያቴ አባባ ሙሳ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ምን ይል ነበር? «ጨረቃ ከሞላች በሦስተኛው ቀን፣ የምዕራብ ነፋስ ሲጸና፣ ውሃው ሞልቶ ለመመለስ ሲያመነታ፣ ያን ጊዜ ወንበርሽን ወደ ባሕሩ አዙሪ።» … አዎ፣ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ምን ያስገርማል?

የመጀመሪያዋ ብቻዋን ገባች። የዚያች ጠፍጣፋ ዓሣ ክንፍ ሲዘረጋ ከቤታችን በር ይሰፋል። ከዚያ አምስት ሆኑ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ እኔም መቁጠሩን ተውኩት። አፋቸውን በርግደው፣ አንዷ የሌላዋን ጅራት እየተከተለች፣ ክብ ሠርተው… ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … ክብ። በክቡ ላይ ሌላ ክብ፣ በዚያ ላይ ሌላ። ባሕሩ ራሱ ተነሥቶ የሚዞር ነው የሚመስለው።

ፎቶውማ መከራ ነው። ውሃው የሩዝ እጣቢ ሆኗል። እነሱን የሚጠራቸው ያ የሚበሉት ደቃቅ ነገር፣ መልሶ ካሜራውን ያሳውረዋል። እዚያ ውስጥ መብራት ካበራሽ ዱቄት የበተንሽ ነው የሚመስለው። በኋላ ከሄዱት ጀልባዎች አንዱ ተመልሶ መጣ፤ ክንድ የሚያህል ካሜራ የያዘ እንግዳ አለበት። ሁለት መብራት አብርቶ ከላይ ከላይ ይንቦጫረቃል። ዱቄቱን ያንሣ። … እኔ? እኔ መብራቴን አጠፋሁ። ትንፋሼን ይዤ ከሥራቸው ገባሁና በጀርባዬ ተንጋለልኩ፤ ፀሐይዋን ከበላያቸው አደረግኋት። ካባረርሻቸው ክቡ ይፈርሳል። ዝም ካልሽ ግን በላይሽ ያልፋሉ፣ ሆዳቸውን እያሳዩ።

… ስልሳ አንድ። በአንድ ፎቶ። ናዚም ስልሳ ነው ይላል፣ የራበው ሰው ቆጠራ ነው። … ማንም አላስተማረኝም። እንግዳ የጣለው የተሰነጠቀ ካሜራ ነው ያስተማረኝ።

እማ፣ ብቻ የደወልሽው ጭንቅ ላይ እያለሁ ነው። … ኧረ ምንም አልሆንኩም። መልስ እየጠበቅኩ ነው። የማንታ ሆድ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ታውቂያለሽ፤ የሁለት ማንታ ነጥብ አይገጥምም። ካነሣኋቸው አንዷ ጉሮሮዋ ሥር ሦስት ነጥብ አላት፣ እንደ ጉልቻ የተቀመጠ። አይቻት አላውቅም። ማንታዎቹ አንድ በአንድ የሚጻፉበት መዝገብ ላይ ከሌለች፣ ፎቶዋን ቀድሞ የላከ ሰው ስም ያወጣላታል። እንግዳውም ልኳል። ስልኩን ሲጎረጉር አይቼዋለሁ።

… ስም ብቻ? እማ፣ ያን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር አገላብጬዋለሁ። የእንግዳ ሚስት፣ የእንግዳ ልጅ፤ አንዷማ በአንዱ እንግዳ ውሻ ስም ነው የተጠራችው። ከደሴታችን አንድ ሰው የለበትም። እነዚህ ሰዎች ባሕሩን ገና ሳያዩት የማንታዎቹን ቀን የሚያውቅ ሰው የነበረው እኛ ቤት ነው። አንድም ማንታ ትሁን፣ በእሱ ስም ትዋኝ። አንዴ ከገባ ደግሞ አይፋቅም፣ አይለወጥም። …

ቆይ። ቆይ፣ እንዳትዘጊ። መልእክት ገባ። ናሺዳ ናት፣ መዝገቡን የምትይዘው። … «አዲስ ናት።» … አዲስ ናት፣ እማ። «ያንቺ በአራት ደቂቃ ቀድሟል። ሴት ናት። ስሟን ላኪ።» … ናዚም፣ ሰማህ? በአራት ደቂቃ። … ምን ይለኛል መሰለሽ፣ «ሴቲቱን ሙሳ ልትያት ነው?» አንተ ስለ ምሳህ አስብ። … ጻፍኩ። አባባ… ሙሳ። ላክሁት። … «ተመዝግቧል።»

ተመዝግቧል፣ እማ። …

እማ? እያለቀስሽ ነው? … እየሳቅሽ? ምኑ ነው የሚያስቀው?

… እንዴት አይዋኝም ነበር? … ውሃው ጉልበቱን ካለፈ ይጮኽ ነበር? አባባ ሙሳ? … ታዲያ ያን ሁሉ… ቆይ፣ ቀስ ብለሽ፣ ነፋሱ እየወሰደብኝ ነው። ማን ነበር ሐኒፋሩ የሚመላለሰው? … ለገመድ የሚሆን የኮኮናት ቅርፊት ልትነክር። በትንሿ ታንኳ። ብቻዋን። … ታይና፣ ስትመለስ ትነግረዋለች። እሱ ወንበሩን ያዞራል። …

ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም? … «አልጠየቅሽኝም።» እሺ።

ናዚም፣ ሞተሩን አጥፋው። … አጥፋው አልኩህ፣ ምንም አይሰማኝም። … እማ፣ ስሟን ደግመሽ በዪልኝ። … ሄሎ? …

ሰኪና። አያቴ ሰኪና።